ከሞተች መኪና የወጣ ክላክስ

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርና አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን። ቦታው አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለ የጋራዥ ግቢ ነው። በመካከላቸው የቆመችው እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ቮልስ ክላክሷ አይሠራም፤ የቦሎ ማደሻዋም ደርሷል። መምህሩ አዲስ ክላክስ እንዲገጠምላቸው ይፈልጋሉ። ባለሙያው ደግሞ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ የወጣ ያገለገለ ዕቃ ይሻላል ባይ ነው።

መምህር፦ ለአንዲት ክላክስ ይህን ያህል ምክክር ምን ያደርጋል? ሞቷል፤ አዲስ ገዝተህ ግጠምልኝና ልሂድ።

ባለሙያ፦ መሞቱን በምን አወቁ፣ ጋሼ?

መምህር፦ ስጫነው አይጮህማ።

ባለሙያ፦ የማይጮህ ሁሉ አልሞተም። «ክላክስ ለውጥልኝ» ብሎ ከሚመጣው ሰው የብዙው ክላክስ ጤነኛ ነው። ወይ ፊውዙ ተቃጥሏል፣ ወይ ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይ መሪው ላይ ያለው መገናኛ ዝጓል። ይህን ሳያዩ ዕቃ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አዲሱን ይገጥሙታል፣ እሱም ዝም ይላል፤ ከዚያ «የተበላሸ ሸጠልኝ» ብለው ከነጋዴው ጋር ይጣላሉ።

መምህር፦ እሺ፣ የኔዋንስ ከየት ጀመርክ?

ባለሙያ፦ ከፊውዝ። የቮልስ ፊውዝ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው። የእርስዎ አልተቃጠለም፤ ጫፉና መያዣው ግን ዝጎ ስለነበር በብርጭቆ ወረቀት ጠረግሁት። ቀጥሎ መሞከሪያ አምፖሌን ክላክሱ ዘንድ ወስጄ ሽቦውን ነካሁበት፤ በራ። ፖዘቲቩ ይደርሳል ማለት ነው።

መምህር፦ ከደረሰ ታዲያ የቀረው ክላክሱ ራሱ ነው።

ባለሙያ፦ ገና ነው። ብዙ ሰው ቮልስ ላይ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መሪው ላይ ያለውን ግማሽ ቀለበት ሲጫኑ ለክላክሱ ፖዘቲቭ የሚሰጡት ይመስልዎታል። ፖዘቲቩ ግን ቁልፍ ሲከፈት ቀድሞ መጥቶ ክላክሱ ላይ ይጠብቃል፤ ቀለበቱ የሚሰጠው ኔጋቲቩን ነው። ኔጋቲቩ በመሪው ዘንግ በኩል ያልፋል። ዘንጉ ከታች ከመሪው ሳጥን ጋር የሚገጥመው በጎማ መጋጠሚያ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ እዚያ ቦታ አንዲት አጭር ሽቦ አለች። መሪው በዞረ ቁጥር ስትታጠፍ ኖራ አንድ ቀን ትበጠሳለች። እሷ ስትበጠስ ባለመኪናው ክላክስ ሊገዛ ይሮጣል።

መምህር፦ የኔዪቱ ተበጥሳለች?

ባለሙያ፦ ደኅና ናት። ስለዚህ ክላክሱን ፈትቼ አወጣሁና ከባትሪው ሁለት ሽቦ ስቤ በቀጥታ ሰጠሁት። ጤነኛ ቢሆን ወዲያው ይጮህ ነበር። መገናኛው ብቻ ቢጣበቅ ወይም ማስተካከያው ብሎን ቢላላ አንዴ ቀጭ ይልና ዝም ይላል፤ እንዲህ ያለው ይድናል። የእርስዎ ቀጭ እንኳን አላለም።

መምህር፦ እኔም ከመጀመሪያው ሞቷል ብዬህ ነበር።

ባለሙያ፦ ብለዋል፤ እኔ ደግሞ አሁን አረጋገጥኩት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከሞተም በምን እንደሞተ ካላወቅን ተተኪውም በዚያው በሽታ ይሞታል።

መምህር፦ ቆይ፣ መጀመሪያ አጯጯሁን አስረዳኝ። በዚች ድስት ክዳን በምታህል ነገር ውስጥ ምን አለ?

ባለሙያ፦ ከጀርባው ጥቅል ሽቦ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ማግኔት ይሆናል። ከፊቱ ስስ የብረት ቆርቆሮ ተወጥሯል። ማግኔቱ ቆርቆሮውን ወደ ኋላ ሲስበው ሁለት ትንንሽ መገናኛዎችን ያላቅቃል። እነሱ ሲላቀቁ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፣ ማግኔቱ ይለቃል፣ ቆርቆሮው ወደ ቦታው ይመለሳል። ሲመለስ መገናኛዎቹን መልሶ ያገናኛል፤ እንደገና ይሳባል። ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 400 ጊዜ ገደማ ይሆናል። የሚሰሙት ጩኸት የዚያ ቆርቆሮ መርገብገብ ነው።

መምህር፦ እያቋረጠ የሚጮህ ነገር ነው በለኛ! ለጆሮ ግን አንድ ወጥ ሆኖ ይሰማል። ጥንት እንኳን እንዲህ አልነበረም። አሜሪካዊው ሚለር ሪስ ሀቺሰን እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ ለገበያ የበቃውን ክላክስ ሲፈለስፍ፣ በሞተር የሚዞር ጥርስ ያለው መዘውር ነበር ቆርቆሮውን እየቧጨረ የሚያስጮኸው። ያው ሰውዬ ከዚያ በፊት ለመስማት ለተቸገሩ ሰዎች የኤሌክትሪክ ማዳመጫ ሠርቶ ነበር። «ክላክሱን የሠራው ሰውን አደንቁሮ ማዳመጫውን ሊሸጥ ነው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር ይባላል።

ባለሙያ፦ ለአዲስ አበባ አሽከርካሪ የተቀለደ ይመስላል። ወደ ቮልሷ እንመለስና፣ ይኸው የድሮው ክላክስ ዙሪያውን በብሎን የታሰረ ስለሆነ ከፈትኩት። ቆርቆሮው ጠርዙ ላይ በዝገት ተበልቷል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የቮልስ ክላክስ የሚቀመጠው ከግራው የፊት ፓራፋንጎ ሥር፣ ጎማው ውሃና ጭቃ በሚረጭበት ቦታ ነው። ድምፁ እንዲወጣ ተብሎ ከፊት መብራቱ በታች ፓራፋንጎው ላይ ወንፊት ተሠርቶለታል።

መምህር፦ በቀኙም አለ እኮ።

ባለሙያ፦ የቀኙ ለመልክ ነው፤ ከኋላው ምንም የለም። ክላክሷ አንድ ብቻ ነው። ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። ጥቅል ሽቦውን ያሽትቱት እስቲ።

መምህር፦ ተቃጥሏል።

ባለሙያ፦ ቀለሙም ጠቁሯል፤ እዚህ ጋ ተበጥሷል። አሁን ደግሞ ጀርባው ላይ የተመታውን ያንብቡ።

መምህር፦ 6 ቮልት ይላል።

ባለሙያ፦ ባትሪዎ ግን 12 ቮልት ነው።

መምህር፦ እኔ ስገዛት ባለ 12 ሆና ነው ያገኘኋት። ከዚያ በፊት የነበረው ባለቤት አስለውጦ መሆን አለበት።

ባለሙያ፦ ልክ ነው። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ቮልሶች 6 ቮልት ነበሩ፤ ወደ 12 የዞሩት በ1966 እና 67 አካባቢ ነው፣ በፈረንጆቹ። የ6 ቮልት ባትሪና አምፖል እየጠፋ ሲሄድ ሰው መኪናውን ወደ 12 አስለወጠ። የለወጠው ሰው አምፖሉን፣ ዲናሞውን፣ ባትሪውን ለወጠና ክላክሱን ተወው።

መምህር፦ ይሠራ ስለነበረ ነዋ።

ባለሙያ፦ ይሠራል፤ እንዲያውም አብልጦ ይጮኻል። አጭር አጭር ከነኩት ዓመታት ይቆያል። በር ላይ ቆሞ ዘበኛው እስኪከፍት ድረስ ተጭኖ የሚይዝ ሰው እጅ ከገባ ግን ጥቅሉ ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ ያልቃል።

መምህር፦ ጠቅልሎ ማደስ አይቻልም? ሞተር የሚጠቀልሉ ሰዎች አሉ እኮ።

ባለሙያ፦ ጥቅሉን ይጠቀልሉልዎታል። ቆርቆሮውንስ? ውፍረቱና ውጥረቱ ልኩን ካልያዘ ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ድስት ይሆናል። ሁለቱ አብረው ስለሞቱ ልፋቱ አያዋጣም።

መምህር፦ እንግዲያውስ ተስማማን፤ አዲስ ይገዛ። ቦሽ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ክላክስ ይሠራል፤ የእሱን እገዛለሁ።

ባለሙያ፦ እውነተኛውን ካገኙ እሰየው። ካርቶኑ ላይ የታወቀ ስም ስለተጻፈ ግን ውስጡ ያ ነው ማለት አይደለም። ርካሹ አዲስ ክላክስ ጥቅሉ ቀጭን ነው፣ ቆርቆሮው ስስ ነው፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ጉሮሮው ይዘጋል። ዙሪያው ታጥፎ የታሸገ ስለሆነ ከፍቼ ላሳይዎት አልችልም። ከጃፓን መኪና ላይ የወጣ ያገለገለ ክላክስም የታሸገ ነው፤ እሱ ግን መኪናው ሲሠራ አብሮት የተገጠመ ነው፣ ብዙ ዓመትም ሠርቶ አሳይቷል። እኔ በካርቶኑ ላይ ካለው ጽሑፍ ይልቅ ሲሠራ የኖረውን አምናለሁ።

መምህር፦ ሲሠራ የኖረ ማለት እኮ ያረጀ ማለትም ነው።

ባለሙያ፦ ክላክስ በዓመት አይለካም፣ በአጠቃቀም ነው። ሞተር መኪናው በተነሳ ቁጥር ይሠራል። ክላክስ በቀን ስንት ሰከንድ ይሠራል? የሚገድለው ውሃና አላግባብ የተሰጠ ቮልት ነው። ሁለቱም በዓይን ይታያሉ፣ በጆሮ ይሰማሉ።

መምህር፦ መልካም። ታዲያ ከሶማሌ ተራ ያገኘነውን ሁሉ እንገጥማለን?

ባለሙያ፦ ኧረ አይሆንም! በመጀመሪያ 12 ቮልት መሆን አለበት። ሁለተኛው ደግሞ ሰው የሚያቃጥልበት ነው። ይኸውልዎት፣ ይህ ከቶዮታ ኮሮላ የወጣ ነው። ስንት የሽቦ ምላስ ያዩበታል?

መምህር፦ አንድ።

ባለሙያ፦ የድሮው የቮልስ ላይስ?

መምህር፦ ሁለት።

ባለሙያ፦ ኮሮላው ኔጋቲቩን የሚያገኘው ከታሰረበት ብረት ነው፤ ቦዲው ላይ ሲታሰር ኔጋቲቩ ተሟላለት ማለት ነው። ቮልስ ላይ ደግሞ ፖዘቲቩ ሁልጊዜ ክላክሱ ዘንድ እንደሚጠብቅ ተነጋግረናል። አሁን የኮሮላውን ክላክስ ቮልስ ላይ አስሬ ያንን ሽቦ ብሰካበት ምን ይሆናል?

መምህር፦ ፖዘቲቩ አለ፣ ኔጋቲቩም አለ... ቁልፍ እንደከፈትኩ ይጮኻላ!

ባለሙያ፦ ቁልፍ እስኪያጠፉ ድረስ አያቆምም። ቀለበቱን ቢነኩት ባይነኩት ግድ የለውም። ይህን ያላወቀ ሰው «ያገለገለ ዕቃ አበላሸኝ» ይላል። ዕቃው ምንም አልሆነም፤ አገጣጠሙ ነው የተሳሳተው።

መምህር፦ ስለዚህ ባለ ሁለት ምላስ እንፈልግ።

ባለሙያ፦ አንዱ መንገድ እሱ ነው። ከአውሮፓ መኪኖች ላይ ባለ ሁለት ምላስ ይገኛል፤ ከተገኘ ሽቦ ሳይቀየር የድሮው ቦታ ላይ ይሰካል። ሁለተኛው መንገድ ሪሌ ነው፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሪሌውም ከዚያው ኮሮላ ይወጣል።

መምህር፦ ሪሌ ለምን አስፈለገ? የድሮዋ ያለ ሪሌ አልነበር የምትሠራው?

ባለሙያ፦ ያለ ሪሌ ስትሠራ የክላክሱ ኤሌክትሪክ በሙሉ በቀለበቱ መገናኛና በዚያች ቀጭን ሽቦ በኩል ያልፋል። አንድ ተራ የ12 ቮልት ክላክስ 4 ወይም 5 አምፔር ይስባል። በ60 ዓመቱ መገናኛ ላይ ይህ በተጫኑት ቁጥር ብልጭታ ነው። ሪሌ ሲገባ ቀለበቱ የሚያዘው ትንሿን የሪሌ ማግኔት ብቻ ነው፤ ከባዱን ሪሌው ይሸከመዋል። አገጣጠሙን ከፈለጉ ሪሌው ሥር የተጻፉትን ቁጥሮች ያንብቡ።

መምህር፦ 30፣ 85፣ 86፣ 87።

ባለሙያ፦ ብዙ ሪሌ ላይ ትርጉማቸው አንድ ነው። 30 ላይ ከባትሪ በፊውዝ በኩል የሚመጣውን አስገባለሁ። 87 ወደ ክላክሱ ምላስ ይሄዳል። 86 ላይ የድሮውን የክላክስ ፖዘቲቭ እሰካለሁ። 85 ላይ ከመሪው የሚመጣውን ኔጋቲቭ። ቀለበቱን ሲጫኑ 85 ኔጋቲቩን ያገኛል፣ ሪሌው ቀጭ ይላል፣ 30 እና 87 ይገናኛሉ፣ ክላክሱ ይጮኻል። የኮሮላው ባለ አንድ ምላስ መሆን ከዚህ በኋላ ችግር መሆኑ ይቀራል።

መምህር፦ ይህ ገብቶኛል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሽቦው አይደለም፤ እስካሁን አንተም አልነካኸውም። ይህ ክላክስ ከየት መጣ? ሌሊት በር ላይ ከቆመች የሰው መኪና ተነቅሎ ቢሆንስ? በዚህ ከተማ ስፖኪዮው ተሰርቆበት በማግስቱ የራሱን ስፖኪዮ መልሶ የገዛ ሰው ታሪክ ያልሰማ አለ?

ባለሙያ፦ እውነት ነው፤ የሰማሁትም ያየሁትም ነው። ተራውን በሙሉ ሌባ ማለት ግን አይገባም። እዚያ መኪና በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ፣ ፈታቶ፣ ከእነ ሊብሬው የሚያሳይ ነጋዴ አለ። በኩርቱ ፌስታል ይዞ መንገድ ዳር የሚያሻሽጥም አለ። ሁለቱን መለየት የገዢው ፋንታ ነው።

መምህር፦ ገዢው በምን ይለያል? ክላክስ ላይ የባለቤት ስም አይጻፍ።

ባለሙያ፦ በጥያቄ ይለያል። «ከየትኛው መኪና ወጣ? መኪናው የት አለ?» ይላሉ። ደኅናው ነጋዴ ወደ ጓሮ ይወስድዎትና ቀፎውን ያሳይዎታል። ይህን ክላክስና ሪሌ የገዛሁት ገና ቀፎው ላይ እንዳሉ ነው፤ ራሴ በቁልፍ ፈትቼ አወጣኋቸው፣ ደረሰኝም አለኝ። መኪናዋ ከኋላ ተመትታ ሻንሲዋ የታጠፈ ነበረች።

መምህር፦ ከኋላ መመታቷ ምን ይጠቅማል?

ባለሙያ፦ የአብዛኛው መኪና ክላክስ ከፊት፣ ራዲያተሩ አካባቢ ነው። ከፊት የተጋጨች መኪና ክላክስ ዛሬ ቢጮህ እንኳን መያዣው ተጣሞ ወይም ውስጡ ተሰንጥቆ ይሆናል። ከኋላ የተመታች ግን ከፊት ያለው ዕቃዋ ሙሉ ነው። ለኋላ መብራት ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋሉ።

መምህር፦ ዋጋው ግማሽ ስለሆነ ብቻ ጥያቄውን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው።

ባለሙያ፦ ከየት እንደመጣ የማይነገር ዕቃ ርካሽ የሚሆነው ባለቤቱ ስላልሸጠው ነው። ሕጉም ቢሆን የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛውን ይቀጣል። ከሕጉ በፊት ደግሞ ሒሳቡ አለ፤ ዛሬ የሰው ክላክስ የሚገዛ ነገ የራሱ ስፖኪዮ እንዲነቀል ገበያ ከፍቷል።

መምህር፦ በዚህ አልከራከርህም። አንድ ነገር ግን ቀረኝ፤ መግጠሙ ምን ጣጣ አለው? በሁለት ብሎን አጥብቀህ ማሰር አይደለም እንዴ?

ባለሙያ፦ አጥብቀው ካሰሩት ያፍኑታል። መያዣውን ይዩት፤ ስስስስ ብረቶች ተደራርበው የተሠራ ነው። ክላክሱ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ስለሚጮህ ልል የሆነ ብረት ላይ መንሳፈፍ አለበት። ያንን ብረት ጥሎ ቀጥታ ቦዲው ላይ በወፍራም ብሎን ያሰረው ሰው ድምፁ ግማሽ ይሆንበታል፤ ከዚያ «አሮጌ ስለሆነ ነው» ይላል። ስለዚህ ክላክስ ሲገዙ ከነመያዣው ይግዙ። ኔጋቲቩንም በመያዣው በኩል ስለሚያገኝ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን ፍቄ ብረቱን አወጣለሁ፤ ካሰርኩ በኋላ ዝገት እንዳይበላው ግሪስ እቀባዋለሁ። አፉ ደግሞ ወደ ታች ይዞራል፤ ወደ ላይ ከዞረ ክረምት ሲገባ ውሃ ያጠራቅማል።

መምህር፦ ድምፁ ቀጭን ቢሆንስ? ማስተካከያ አለው አይደል?

ባለሙያ፦ ከጀርባው በቀለም ወይም በሰም የታሸገች ትንሽ ብሎን አለች። በካቻቢቴ ሩብ ዙር እንኳን ሳይሞላ ወዲህ ወዲያ እያሉ ያዳምጣሉ፤ በየመካከሉ ጥቂት ያሳርፉታል። መሀል ላይ ያለችውን ትልቋን ግን እንዳይነኳት፤ ቆርቆሮውን የያዘችው እሷ ናት። እሷን የነካ ክላክሱን ቀብሮታል። እዚህ ላይ ነው የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው።

መምህር፦ እንግዲህ ግጠመውና ይጩህልኝ። ሆኖም ለራሴ ሁልጊዜ የምጠይቀው ነገር አለ። በዚህ ሁሉ ልፋት የምናድነው ነገር ከተማውን የሚያደነቁር አይደለም ወይ? መብራት አረንጓዴ ሳይሆን የሚጮህ፣ ሰው ለመጥራት የሚጮህ፣ ለሰላምታ የሚጮህ፣ ሠርግ አጅቦ ቀኑን ሙሉ የሚጮህ።

ባለሙያ፦ ለሠርጉ ይቅር በሏቸው። ለሌላው ግን እስማማለሁ። የጭነት መኪና የአየር ጡሩንባ አምጥተው ትንሽ መኪና ላይ እንድገጥምላቸው የሚለምኑ አሉ፤ አልገጥምም። ለክላክስ መሥፈርት አለው እኮ፤ የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 28 ከ2 ሜትር ርቀት ሲለካ ለመኪና ክላክስ ከ105 እስከ 118 ዴሲቤል ይላል። ከዚያ በላይ የሆነው ማስጠንቀቂያነቱ ቀርቶ ድብደባ ነው።

መምህር፦ አጋጣሚው ይገርምሃል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የወጣው የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም ስለ ክላክስ የሚናገረው በ28ኛው አንቀጹ ነው። ክላክስ የሚደረገው አደጋን ለማስቀረት ነው ይላል። ከከተማ ውጭ ደግሞ ሊቀድሙት ያሰቡትን አሽከርካሪ ለማስጠንቀቅ ይፈቅዳል። ዘበኛ ስለ መጥራት ምንም የለበትም።

ባለሙያ፦ የእርስዎ ትምህርት ጂኦግራፊ ስለሆነ ያውቁታል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ፣ ወይም ከደባርቅ አልፈው ሊማሊሞን ሲጠመዘዙ፣ ክላክስ የሌለው መኪና ይዞ ማን ይገባል? ጠምዛዛው ማዶ የሚመጣው አይታይም። ያን ጊዜ አጭር ሁለት ድምፅ ሕይወት ናት። ከብት የሚነዳ ልጅ፣ ጭነት የተጫነ አህያ፣ መንገዱን የዘጋ ድንጋይ አለ። ፍሬን መኪናውን ያቆማል፤ ክላክስ ደግሞ ሌላውን ያነቃል።

መምህር፦ ሊማሊሞን በወጣትነቴ በአውቶቡስ አልፌዋለሁ፤ ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ገደሉን ጠርቦ ያወጣው መንገድ ነው። ሾፌሩ በየመታጠፊያው ጡሩንባውን ያሰማ ነበር፤ ተሳፋሪው ደግሞ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፤ ከወዲያ መልስ ካለ ማለት ነው። ማንም ጮኸብን ብሎ አልተቆጣም።

ባለሙያ፦ ምክንያት ነበረዋ። እኔ ክላክስ ገጥሜ ስጨርስ ደንበኛዬን አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ከአንድ ሰከንድ በላይ አይያዙት እላለሁ። ለዕቃውም ጥሩ ነው፣ ለሰውም።

መምህር፦ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ይህችን አሮጌ ይዤ እንዲህ ከምንከራተት ሸጬ ብገላገልስ?

ባለሙያ፦ ሸጠው ምን ሊገዙ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ይህ ማለት ዛሬ መንገድ ላይ ያለችው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ትኖራለች ማለት ነው፤ መለዋወጫዋም በብዛት ከሞተችው እህቷ ነው የሚመጣው። የእርስዎ ቮልስ እንኳን ዕድለኛ ናት።

መምህር፦ ዕድለኛስ ናት። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ነው፤ ቁጥሯም 21,529,464 ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ አንዲትም አልተሠራችም። ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠሩ ግን ዕቃ አይጠፋም።

ባለሙያ፦ ዕቃውስ አይጠፋም። እየጠፋ ያለው ዕቃውን ከመለወጡ በፊት የሚመረምረው ሰው ነው። ፈትቶ ከመጠገን መጣል ይቀላል፤ ልምምድ የሚገባውም ልጅ ከአሮጌው ሽቦ ይልቅ ኮምፒውተር የሚሰካበትን ይመርጣል። እሱም ያስፈልጋል፤ አልቃወምም። ግን ኮምፒውተሩ የቮልስ ክላክስ ለምን እንደማይጮህ አይነግረውም።

መምህር፦ እንግዲህ መምህር ነኝና ትምህርቱን ላጠቃልል፤ ስሳሳት አርመኝ። ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም፣ ድህነትም አይደለም። ግን አራት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ የተበላሸው ዕቃው መሆኑን በባትሪና በአምፖል ሞክሮ ማረጋገጥ። ሁለተኛ፣ በምን እንደተበላሸ ማወቅ። ሦስተኛ፣ የሚተካው በቮልቱ፣ በምላሱ ቁጥርና በመያዣው የሚገጥም መሆኑን ማየት። አራተኛ፣ የወጣበትን መኪና በዓይን ማየትና ደረሰኝ መቀበል።

ባለሙያ፦ አምስተኛም አለ፤ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ነጋዴው ባትሪ አምጥቶ ያስጩህልዎት። «ቤት ሄደህ ሞክረው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ቀጣዩ ሱቅ ይሂዱ።